ሳይተኙ የሚሠራ የድምፅ አውታር ሌዘር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ የአንገት በላይ ክሊኒክ ነርስ ነኝ፤ እነዚህ ስለ ድምፅ መዘጋትና ሙሉ ማደንዘዣ ሳይወሰድ፣ ታማሚው ነቅቶ ስለሚሠራለት የድምፅ አውታር ሌዘር በስልክ፣ በኮሪደር፣ አንዳንዴም ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር የምጠየቃቸው ናቸው።

ድምፄ ከተዘጋ ስንት ቀን ልጠብቅ?

ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ ሁለት ሳምንት ታገሡ። ውሃ ጠጡ፣ አትጩኹ፣ አብዛኛው በራሱ ይመለሳል። አራት ሳምንት ካለፈው ግን ጉንፋን አትበሉት፤ ማንቁርታችሁ በካሜራ መታየት አለበት። የሚያጨስ ሰው፣ ምግብ አልዋጥ ያለው፣ ደም የሚተፋ፣ አንገቱ ላይ እብጠት ያወጣ ወይም ሲተነፍስ የሚያፏጭ ሰው ደግሞ አራት ሳምንቱንም አይጠብቅ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው የአክታ ምርመራም ይደረግለት፤ ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ ሳይሆን ማንቁርት ላይም ይወጣል፣ እሱን ደግሞ የሚያድነው መድኃኒት እንጂ ሌዘር አይደለም።

አንድ የመናኸሪያ ረዳት ስድስት ወር ሙሉ ድምፁ ተዘግቶ ወደኛ መጣ። በፌስታል የጨረሰውን መድኃኒት ካርቶን ሰብስቦ ይዟል። አሞክሳሲሊን አለ፣ አዚትሮማይሲን አለ፣ ስሙ የተፋቀ ሌላም አለ። በስድስት ወር ውስጥ ጉሮሮው ውስጥ ካሜራ አስገብቶ ያየው ሰው የለም። ስናየው ግራው አውታር ላይ የምስር ክክ የምታክል ቀይ ነገር ተለጥፋለች። ለድምፅ መጎርነን አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም። ይህን ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ገና እላለሁ።

የድምፅ አውታር ላይ «እባጭ አለ» ማለት ምን ማለት ነው?

አውታር ሲባል የክራር ክር የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ማንቁርት ውስጥ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች ናቸው፤ የአዋቂ ሰው ርዝመታቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፣ ስናወራ ይገጥማሉ፣ አየሩ በመካከላቸው ሲያልፍም ይርገበገባሉ። በወንድ ድምፅ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴት ወደ 200 ጊዜ ገደማ። እንግዲህ ጠርዙ ላይ ትንሽ ነገር ከበቀለ ሁለቱ በደንብ አይገጥሙም፣ አየር ያመልጣል፣ ድምፁ ይጎረንናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከታች የምናገረው ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። የአውታሩ ስስ ቆዳ ሥር እንደ ጄል ያለ ለስላሳ ሽፋን አለ። የሚርገበገበው ይሄ ነው። እዚያ ላይ ጠባሳ ከወጣ ድምፁ እንደ ድሮው አይሆንም፣ ጠባሳውን መልሶ ማለስለስም በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ የአውታር ሕክምና ጥበቡ እባጩን ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ ጄሉን ሳይነኩ ማጥፋት ነው።

ሌዘር ማለት ጨረር ነው? ፀጉሬ ይነቀላል?

አይነቀልም። ይሄ ጥያቄ ግን አያስቅም፣ ምክንያቱም እኛው ሁለቱንም «ጨረር» እያልን ነው ሰውን ያደናገርነው። ለካንሰር የሚሰጠው የጨረር ሕክምና የሴሎችን ዘረ መል የሚሰብር፣ ሥጋ አልፎ የሚሄድ ኃይለኛ ጨረር ነው። ሌዘር ግን ብርሃን ነው። አንድ ቀለም ብቻ ያለው፣ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ፣ ሲያርፍ የሚያሞቅ ብርሃን። ካንሰር አያመጣም።

የመጀመሪያው ሌዘር የበራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቦስተን ያሉ ሐኪሞች ማንቁርት ላይ ተጠቀሙበት። ያ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነበር፤ ውሃ ያገኘበትን ያተናል፣ እንደ ስለት ይቆርጣል፣ አሁንም ድረስ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ታማሚው ተኝቶ በማይክሮስኮፕ ይሠራበታል። ችግሩ በተራ የመስታወት ክር ውስጥ አያልፍም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት እዚያው ቦስተን ዶክተር ስቲቨን ዛይትልስና ባልደረቦቻቸው ደም የሚመጠውን ብርሃን በቀጭን ክር አሳልፈው ወንበር ላይ በተቀመጠ ሰው ላይ መሥራቱን አስለመዱት። መጀመሪያ 585 ናኖ ሜትር፣ ቀጥሎ 532 ናኖ ሜትር የሆነው፣ ኬቲፒ የሚባለው አረንጓዴ ሌዘር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ 445 ናኖ ሜትር የሆነ ሰማያዊ ሌዘር መጥቷል።

ቁጥሩን ለምን ነገርኳችሁ? ቁጥሩ የብርሃኑን ቀለም የሚለይ የሞገድ ርዝመት ነው፤ ቀለሙ ነው ደግሞ ሥራውን የሚወስነው። አረንጓዴውን ብርሃን ደም ይመጠዋል፣ ቆዳው ግን ያሳልፈዋል። ስለዚህ ብርሃኑ እባጩን የሚቀልቡትን ትንንሽ የደም ሥሮች ይዘጋል፣ ዙሪያውን ብዙም አይነካም። እባጩ ቀለብ ይቋረጥበትና በቀናት፣ በሳምንታት ውስጥ ይከስማል። ሰው ግን እንደ ጥርስ ተነቅሎ፣ በሳህን ተደርጎ እንዲያሳዩት ይጠብቃል። «የታለ ያወጣችሁት?» ይላሉ። ብዙ ጊዜ የሚወጣ ነገር የለም።

ሳልተኛ? ዓይኔ እያየ? እንዴት ነው የሚሠራው?

አዎ፣ ዓይናችሁ እያየ። ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ፣ የማንቁርት ቀዶ ሕክምና የተጀመረው እንዲያውም በነቃ ሰው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ቪክቶር ፎን ብሩንስ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ከገዛ ወንድሙ ጉሮሮ ፖሊፕ የሚባለውን ዓይነት እባጭ አውጥቷል፣ በመስታወት እያየ፣ ያውም ጉሮሮ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከመገኘቱ ከሃያ ዓመት በፊት። ወንድምዬው ሳምንታት ጉሮሮውን ሲያለማምድ ከርሟል አሉ። የዛሬው ታማሚ ሊዶካይን አለው።

ለሥልጠና በሄድኩበት ቦታ ወንበሩ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። ታማሚዋ መምህርት ናት፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች። ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ እግሯ መሬት ነክቷል። መጀመሪያ አፍንጫዋ ውስጥ የሚያደነዝዝና እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ተነፋ። ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ከእርሳስ የቀጠነ፣ የሚተጣጠፍ ካሜራ በአፍንጫዋ ገባ። ካሜራው በውስጡ ቀዳዳ አለው፤ በዚያ በኩል ሐኪሙ ሊዶካይን አውታሩ ላይ ጠብ ያደርጋል። ይሄኔ «ኢ— በይ» ይባላል። ረጅም «ኢ»። ካልተባለ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ቶሎ ይወርዳል፤ ከተባለ አውታሮቹ ላይ እየተንቦጫረቀ በደንብ ያደነዝዛል። መምህርቷ ክፍል ውስጥ ፊደል የምታስቆጥር ይመስል በሙሉ ድምፅ «ኢ» አለች። ሳለች። ደግሞ አለች። ሦስት ጊዜ ተደገመ።

ከዚያ ለሁላችንም መነጽር ተደረገልን፣ ለእሷም ጭምር፤ የሌዘር ብርሃን ተንጸባርቆ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ያለ መነጽር ማንም ክፍሉ ውስጥ አይቆምም። በዚያው ቀዳዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክር ገባ። ቀይዋ እባጭ ስክሪኑ ላይ ትታያለች። ሐኪሙ ፔዳሉን ሲረግጥ ጢቅ፣ ጢቅ ይላል፣ ቀዩም ነጣ። ልክ እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲነጣ እንደሚሆነው። የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ አለ፣ ጭሱ ይመጠጣል፣ እኛም ጭሱን እንዳንስብ ልዩ ጭምብል አድርገናል። ሌዘሩ ራሱ የበራው ደቂቃዎች ቢሆን ነው። ከነማደንዘዣው ግማሽ ሰዓት አልሞላም። እጄን ይዛኝ ስለነበር የእኔ ጣቶች ከእሷ ጉሮሮ በላይ ደነዘዙ።

ያማል? ማስመለስ ቢመጣኝስ?

አብዛኛው ሰው ሕመም አይለውም፣ ሙቀት ነው የሚለው። ትኩስ ሻይ ፉት ሲባል እንዳለው። ከሕመሙ ይልቅ የሚያስፈራው መደንዘዙ ነው፤ ጉሮሮ ሲደነዝዝ ያበጠ፣ ምራቅም አልዋጥ ያለ ይመስላል። አላበጠም። ምራቁ እየወረደ ነው፣ እናንተ አልተሰማችሁም። ይሄን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ይደናገጣል፣ ሲደናገጥ ይስላል፣ ሲስል ሐኪሙ መሥራት አይችልም።

ማስመለስ ለሚቀናችሁ፣ ጥርስ ስትፋቁ እንኳ ለሚያቅለሸልሻችሁ፣ በአፍንጫ ዝግ ብላችሁ ተንፍሱ፣ ዓይን አትጨፍኑ፣ ትከሻ አውርዱ። ይሠራል። ለአንዳንዱ ግን አይሠራም፤ ማደንዘዣው ተደጋግሞም ጉሮሮው እሺ የማይል ሰው አለ። እንዲህ ከሆነ ማቆም ነው። ማፈሪያም አይደለም። ሊዶካይን እንደ ሰውየው ክብደት መጠን አለውና «ትንሽ ጨምሩልኝ» እየተባለ አይንቆረቆርም፤ ሲበዛ ልብንም አንጎልንም ይነካል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሌላ ቀን በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ ይሠራለታል።

እንጥል ነው ብለውኛል፣ ላስቆርጠው?

በፍጹም! እንጥል ከላንቃ ኋላ የሚንጠለጠለው ነው፤ የድምፅ አውታር ከእሱ በጣም ዝቅ ብሎ ማንቁርት ውስጥ ነው ያለው። እንጥል ተቆርጦ የተመለሰ ድምፅ አላየሁም። ደም አልቆም ብሎት፣ አመርቅዞበት የመጣ ግን አይቻለሁ፣ አንዱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ዝንጅብሉን በማር ጠጡ፣ ጉዳት የለውም፣ ጉሮሮም ያለሰልሳል። ግን አንድ ነገር እወቁ፦ የምትውጡት ሁሉ በምግብ ቱቦ ነው የሚሄደው፣ አውታሩን አይነካውም። ቢነካው ትን ይላችኋል።

ለየትኛው እባጭ ነው ሌዘሩ የሚሆነው?

እውነቱን ለመናገር ሰዎች ጥያቄውን ከኋላ ነው የሚጀምሩት። «ሌዘር አለ ወይ?» ብለው ይመጣሉ፣ «ያለብኝ ምንድን ነው?» የሚለው ሳይመለስ። እባጭ ሁሉ አንድ አይደለም።

ሌዘሩ በደንብ የሚያምርበት ፓፒሎማ ነው። ፓፒሎማ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ፣ በተለይ ቁጥር 6 እና ቁጥር 11፣ የሚያመጣው ኪንታሮት ነው። (ኪንታሮት ስል ሁሌ የሚስቅ አለ፤ ያኛውን አይደለም፣ እጅ ላይ የሚወጣውን ዓይነት ማለቴ ነው።) ውስጡ የደም ሥር የሞላበት፣ የወይን ዘለላ የሚመስል ነገር ነው፣ ስለዚህ አረንጓዴው ብርሃን ይወደዋል። ደግሞ እየተመላለሰ ስለሚበቅል በየጊዜው ሙሉ ማደንዘዣ ከመውሰድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስነካቱ ትልቅ እፎይታ ነው። አውታሩ ላይ የሚወጣ፣ ናሙናው ተመርምሮ ካንሰር አለመሆኑ የታወቀ ነጭ ንጣፍም በዚህ ይታከማል። ያበጡና የሚደሙ የአውታር ደም ሥሮች፣ አንዳንድ ደም የቋጠሩ ፖሊፖች፣ ሲጋራ ለረጅም ዓመት ያጨሱ ሰዎች አውታር ላይ የሚመጣው ውሃ የቋጠረ እብጠትም እንደዚሁ። የመጨረሻው ግን ሲጋራው ካልቆመ ተመልሶ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሪፈር ሲጻፍ ደስ አይለኝም።

የማይሆነውስ? የመምህራንና የዘማሪዎች ኖዱል ዋናው ነው። ኖዱል ማለት አውታር ላይ የወጣ ጠጠር፣ ማለትም የደደረ ቆዳ ነው ብላችሁ ያዙት፤ ጫማ ሲጠብ እግር ላይ ጠጠር እንደሚያወጣው። ጠጠሩን ብታቃጥሉት፣ ጫማው ያው ከሆነ ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ የድምፅ አጠቃቀም ነው የሚስተካከለው። በዚህ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው፣ አውቃለሁ። እስከዚያው ግን ስልሳ ተማሪ ፊት የምትቆም መምህርት ወገቧ ላይ የምትታጠቃት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ብትገዛ ከማንኛውም ሕክምና ይረክሳታል። ሲስት፣ ማለትም ቆዳው ሥር የተቀበረ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ በማይክሮስኮፕ በጥንቃቄ ተፈልቅቆ ነው የሚወጣው። ካንሰር ደግሞ የራሱ መንገድ አለው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

እንቅርት ከተሠራሁ በኋላ ነው ድምፄ የጠፋው፣ ሌዘር ያድነኛል?

አያድንም። እንቅርት አጠገብ ወደ ድምፅ አውታር የሚሄድ ቀጭን ነርቭ ያልፋል፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ተወጥሮ ወይ ተጎድቶ ከሆነ አንዱ አውታር መንቀሳቀስ ያቆማል። የሚቃጠል እባጭ የለም። ነርቩ ካልተቆረጠ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ እስከዚያ ወይም ካልተመለሰ የሞተውን አውታር በመርፌ በሚሰጥ መሙያ ወፈር አድርጎ ወደ መካከል የማስጠጋት ሕክምና አለ። ውሃ ስትጠጡ ትን ትን የሚላችሁ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩን።

የቀጠሮዬ ቀን ልብላ? የግፊት መድኃኒቴንስ?

ሙሉ ማደንዘዣ ስላልሆነ ከሌሊት ጀምሮ መጾም ግድ አይደለም፣ ቀለል ያለ ቁርስ ይበቃል። ጥሬ ሥጋ በልቶ የመጣ ሰው ገጥሞኛል፣ አይመከርም። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ የሚመለስባችሁ ደግሞ ጠዋት ቡናውን ተዉት። የግፊት መድኃኒታችሁን ግን እንዳትዘሉት! ካሜራው ሲገባና ጉሮሮ ሲነካ ግፊትና የልብ ምት ይወጣል፣ በጤነኛውም ላይ። ግፊቱ ያልተያዘለትን ሰው ሐኪሙ ቢመልሰው አትቀየሙት።

አስፒሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ በራሳችሁ አታቁሙ። ይሄ ሌዘር ደም ሥር እየዘጋ የሚሄድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይቋረጥ ይሠራል፣ ግን ውሳኔው መድኃኒቱን ካዘዘላችሁ ሐኪም ጋር ነው። ያለ ኦክስጅን መቆየት የማይችል ሰው ለዚህ አይሆንም። ኦክስጅን ባለበት ሌዘር ማብራት እሳት ማስነሳት ነው።

ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ዝም ልበል?

መጀመሪያ ስለ ምግብ። ጉሮሮው እስኪነቃ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ምንም አይቀመስም፣ ውሃም ቢሆን። የደነዘዘ ጉሮሮ ውሃውን ወደ ሳንባ ቢልከው አይታወቃችሁም። ከዚያ አንድ ጉንጭ ቀዝቃዛ ውሃ ፉት ብሎ መሞከር ነው። ካላስሳለ ብሉ።

ዝምታው እንደ እባጩና እንደ ሐኪሙ ይለያያል። አንዱ ጥቂት ቀን ጭራሽ አትናገሩ ይላል፣ ሌላው ለስለስ አድርጋችሁ አውሩ ይላል። የሐኪማችሁን ስሙ። ግን ብዙዎቹ የሚስማሙበት አለ፦ ሹክሹክታ ዕረፍት አይደለም። ብዙ ሰው ሲያንሾካሹክ አውታሩን ጨምቆ ነው የሚያንሾካሹከው። «እህ እህ» እያሉ ጉሮሮ መጥረግም አውታርን በጥፊ እንደ መምታት ነው። ውሃ ጠጡ፣ የአዳማ ሙቀትና አቧራ ጉሮሮ ያደርቃል። ሲጋራ፣ ሺሻ፣ ጫት ላይ ሆኖ ሌሊቱን ማውራት፣ በርበሬ የሚታመስበት ጓዳ፣ ሁሉም ይቅር።

ዝም ማለት በወሬ የቀለለ ነገር ነው። የእኛ አገር ሰላምታ ራሱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ «ደህና ናችሁ» ተብሎ ዝም የሚል ሰው ኩሩ ነው ወይ ተጣልቷል ይባላል። አንዷ ታማሚያችን በካርቶን ላይ «ጉሮሮዬን ታክሜ ነው፣ አልኮራሁም» ብላ ጽፋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ለቅሶ ቤት ሄዳለች። እኔ እሷን ብሆን ለቅሶውን ለሳምንት አስተላልፈው ነበር።

ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ድምፃችሁ ከበፊቱ ቢብስ አትደንግጡ፤ የታከመው ቦታ ስለሚያብጥ ነው። ዘፋኝ ከሆናችሁ የሠርግ ሥራ ለዚያ ወር አትቀበሉ። የትንፋሽ ማጠር፣ ደም መትፋት፣ ትኩሳት ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

ተመልሶ ይመጣል?

ፓፒሎማ ከሆነ ብዙ ጊዜ አዎ። ቫይረሱ ጤነኛ በሚመስለው ቆዳ ውስጥም ተቀምጦ ይቆያል፤ ሌዘሩ የሚያጠፋው የበቀለውን እንጂ ዘሩን አይደለም። ስለዚህ «ሠርተውኝ ተመለሰብኝ፣ ሐኪሙ አያውቅም» ከማለት በፊት ይሄን አስቡት። በየስንት ጊዜው እንደሚመለስ ከሰው ሰው ይለያያል፣ በየሁለት ወሩ የሚመጣ አለ፣ ዓመታት የሚያርፍ አለ። ከሌዘሩ ጋር በተጓዳኝ የሚሰጡ መድኃኒቶችም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ለሚመለስበት ሰው መጠየቅ ተገቢ ነው። ነጭ ንጣፍም ክትትሉ አይቀርለትም። ፖሊፕ ብዙውን ጊዜ አንዴ ከጠፋ ይጠፋል፣ ጩኸቱ ካልቀጠለ።

ልጄ ፓፒሎማ አለባት ተብያለሁ፣ ለእሷም ወንበር ላይ ይሠራል?

አይሠራም። የስድስት ዓመት ልጅ ካሜራ በአፍንጫዋ ገብቶ «ኢ በይ» ሲሏት ዝም ብላ አትቀመጥም፣ የልጅ የአየር መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ትንሽ እብጠት ይዘጋዋል። ልጆች ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ፣ በሙሉ ማደንዘዣ፣ የልጅ ማደንዘዣ በሚያውቅ ባለሙያ ነው የሚሠራላቸው። ብዙውን ጊዜ ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ከእናት የሚተላለፍ ነው፤ ይሄን ስነግራቸው የሚያለቅሱ እናቶች አሉ። ጥፋት የለባችሁም። በጣም የተለመደ ቫይረስ ነው፣ እናትየዋም እንዳለባት ብዙ ጊዜ አታውቅም።

የሚያሳዝነኝ የሚዘገየው ነው። ድምፁ የተዘጋና ሲተነፍስ የሚያፏጭ ልጅ «አስም ነው» ተብሎ ለወራት በፓምፕ ይቆያል። ክትባት ሊከላከለው ይችላል፦ ባለ አራት ዓይነቱና ባለ ዘጠኝ ዓይነቱ የኤችፒቪ ክትባት ቁጥር 6ን እና 11ን ይሸፍናሉ። ክትባቱ በሰፊው በተሰጠባት አውስትራሊያ በልጆች ላይ የሚወጣው ፓፒሎማ በግልጽ ቀንሷል።

ናሙና ሳይወሰድ ቢያቃጥሉትና ካንሰር ቢሆንስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። የተቃጠለ ነገር ላብራቶሪ አይገባም። ስለዚህ ነጭ ንጣፍ ወይም አጠራጣሪ እባጭ ከሆነ መጀመሪያ ናሙና፣ ቀጥሎ ሌዘር። ናሙናውም በዚያው ካሜራ ቀዳዳ በሚገባ ትንሽ ቆንጣጭ ሊወሰድ ይችላል፣ ታማሚው ነቅቶ። ግን የሚወሰደው በጣም ትንሽ ነው፣ ከላይ ከላዩ ነው። «ካንሰር አልተገኘም» ቢል እንኳ ዓይን የሚያየው ካላማረ ሐኪሙ «ተኝተህ እንደገና ይወሰድ» ሊል ይችላል፤ ገንዘብ ፍለጋ አይደለም፣ ልክ ነው ያለው።

ካንሰር ከተገኘ ወሬው ይቀየራል። ገና ሲጀምር የተያዘ የድምፅ አውታር ካንሰር በደንብ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው፣ ምክንያቱም ቶሎ ድምፅ ያጎረንናል፣ ቶሎ ይጮኻል። በሌዘር ቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሕክምና ነው የሚታከመው፤ ሌዘሩ ግን ያን ጊዜ ተኝቶ፣ ጠርዙ ንጹሕ መሆኑ እየተረጋገጠ የሚሠራ ነው። ወንበር ላይ ቶሎ ነካ ነካ አድርጎ መሸኘት ለዚህ አይሆንም።

ሪፈር ሲጻፍልኝ ምን ልጠይቅ?

ማሽኑ በየከተማው የሚገኝ አይደለም። «ሌዘር አለን» የሚል ቦታ ሁሉም የድምፅ አውታር ሌዘር አለው ማለት አይደለም፣ የፀጉርና የዓይን ሌዘርም ሌዘር ነው። ስለዚህ ከአዳማ ፈጣን መንገዱን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና እንዲህ በሉ፦ ሌዘሩ በክር የሚገባ ኬቲፒ ወይም ሰማያዊ ነው? ሳይተኙ ትሠራላችሁ? በዓመት ስንት ሰው ትሠራላችሁ? መቻል ቢያቅተኝ በዚያው ሆስፒታል ተኝቼ የሚሠራልኝ መንገድ አለ? መልስ ሲሰጧችሁ የሚቆጡ ከሆነ እኔ ብሆን ሌላ ቦታ እደውላለሁ። በጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ደግሞ ሪፈር ወረቀቱ ላይ ማኅተሙ መኖሩን አይታችሁ ውጡ፣ ለማኅተም ብሎ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ አለ።

ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ስትመለሱ ማውራት አይፈቀድላችሁም፣ ከረዳት ጋር በምልክት ስለ መልስ መከራከር ደግሞ ከባድ ነው። እና ፍላሽ ያዙ፤ ከምርመራውም ከሕክምናውም የተቀረጸውን ቪዲዮ አስጭኑ። ከሦስት ወር በኋላ እዚህ ስትመጡ «በፊት ይሄን ያክል ነበር» በእጅ ከምታሳዩኝ ሁለቱን ቪዲዮ ጎን ለጎን ከፍተን ብናይ ይሻላል።